ጄሲ ላዚር

ጄሲ ዊልያም ላዚር (ሚያዝያ 25 ቀን 1858 ዓ.ም. – መስከረም 15 ቀን 1893 ዓ.ም.፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 1866 – ሴፕቴምበር 25 ቀን 1900) አሜሪካዊ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። ቢጫ ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ በሙከራ ካረጋገጠው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የቢጫ ወባ ኮሚሽን አራት አባላት አንዱ ሲሆን፣ በኩባ ምርምሩን ሲያካሂድ በዚያው በሽታ ተይዞ በ34 ዓመቱ ሞተ። ኮሚሽኑ በሰፊው የሚታወቀው በመሪው በዋልተር ሪድ ስም ቢሆንም፣ የመጀመሪያዎቹን የተሳኩ ሙከራዎች በእጁ ያከናወነው ላዚር ነው። ላዚር የተያዘው በአጋጣሚ ነው ወይስ ሆን ብሎ ራሱን በትንኝ አስነክሶ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። ለጥያቄው ዋናዎቹ ማስረጃዎች በዘመኑ የተጻፉ የግል ደብዳቤዎችና የላቦራቶሪ ማስታወሻዎች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ ከዚህ በታች ያሉት ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ላዚር በሜሪላንድ ግዛት በባልቲሞር አካባቢ ተወለደ። አያቱ፣ ስሙን የወረሰው ጄሲ ላዚር፣ የፔንሲልቬኒያ ተወካይ ሆኖ በአሜሪካ ምክር ቤት ያገለገለ ሰው ነበር። ላዚር በፔንሲልቬኒያ በሚገኘው በዋሽንግተንና ጄፈርሰን ኮሌጅ ከተማረ በኋላ ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ በ1889 የመጀመሪያ ዲግሪውን ተቀበለ። በ1892 ደግሞ በኒው ዮርክ ከኮሎምቢያ የሐኪሞች ትምህርት ቤት በሕክምና ተመረቀ። ከዚያም በቤልቪው ሆስፒታል ሠርቶ ወደ አውሮፓ በመሄድ፣ በፓሪስ የሚገኘውን የፓስተር ተቋም ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች የረቂቅ ተሕዋስያንን ጥናት ተማረ።

በ1895 ወደ ባልቲሞር ተመልሶ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ መሥራት ጀመረ። የጨብጥ በሽታ አምጪ የሆነውን ባክቴሪያ በሕመምተኛ ደም ውስጥ በማግኘትና ለብቻው በማሳደግ ረገድ ቀዳሚ ከሆኑት ተመራማሪዎች መካከል ይቆጠራል። ለኋላው ሥራው ይበልጥ የጠቀመው ግን የወባ ጥናቱ ነው። የወባን ጥገኛ ተሕዋስ በማይክሮስኮፕ በቅርበት ያጠና ሲሆን፣ ትንኞችን የመያዝ፣ የማርባትና የመመርመር ልምድም ነበረው። ኩባ በደረሰ ጊዜ ከባልደረቦቹ መካከል ይህን ሙያ በደንብ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

በ1896 ሜበል ሂውስተን የተባለች የካሊፎርኒያ ተወላጅ አገባ። ሂውስተን የተባለ ወንድ ልጅና ማርጋሬት የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ።

ቢጫ ወባ በዚያ ዘመን

ቢጫ ወባ በአማርኛ ስሙ «ወባ» የሚል ቃል ቢኖርበትም ከወባ የተለየ በሽታ ነው። ወባን የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ሲሆን ቢጫ ወባን የሚያመጣው ግን ቫይረስ ነው። በሽታው በድንገተኛ ትኩሳት፣ በራስ ምታትና በጀርባ ሕመም ይጀምራል። ብዙ ሰዎች ከዚህ ደረጃ ይድናሉ። በሽታው የጸናባቸው ግን ጉበታቸው ይጎዳና ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ይሆናል፤ ደም ይፈሳቸዋል፤ ከሆድ ውስጥ ደም የተነሣ ጥቁር ትውከት ያስመልሳቸዋል።

በሽታው በአሜሪካ አህጉር ለዘመናት ከተሞችን ሲያራቁት ኖሯል። በ1793 በፊላዴልፊያ፣ በ1878 ደግሞ በሜምፊስ እያንዳንዳቸው ወደ 5,000 የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሕዝብ ገድሏል። በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር ተዋግታ ኩባን ስትቆጣጠር፣ ወታደሮቿ ከጥይት ይልቅ በበሽታ አለቁ።

በዚያን ጊዜ አብዛኛው ሐኪም በሽታው በሕመምተኛ ልብስ፣ አልጋና ትውከት አማካይነት ይተላለፋል ብሎ ያምን ነበር። በዚህም የተነሣ የሟቾች ንብረት ይቃጠል፣ ቤት በኬሚካል ይታጠብ ነበር። ጁሴፔ ሳናሬሊ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ደግሞ የበሽታውን አምጪ ባክቴሪያ አገኘሁ ብሎ ነበር። በአንጻሩ ካርሎስ ፊንላይ የተባለ ኩባዊ ሐኪም ከ1881 ጀምሮ በሽታውን የምታስተላልፈው ዛሬ ኤደስ ኤጂፕታይ የምትባለው የቤት ትንኝ ናት እያለ ይከራከር ነበር። ፊንላይ በሰዎች ላይ ከመቶ በላይ ሙከራዎችን ቢያካሂድም የማያሻማ ውጤት ስላላገኘ ለ19 ዓመታት የሚሰማው ጥቂት ነበር።

ወደ ኩባ ጉዞና የኮሚሽኑ መቋቋም

ላዚር በፌብሩዋሪ 1900 የጦር ሠራዊቱ ረዳት ሐኪም ሆኖ ከሃቫና ከተማ አጠገብ በሚገኘው በኮሎምቢያ የጦር ሠፈር ሥራ ጀመረ። ባለቤቱና ትንሹ ልጁ ለጥቂት ጊዜ አብረውት ቆይተው፣ ሜበል ሁለተኛ ልጇን ለመውለድ ወደ አሜሪካ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስት የሚገናኙት በደብዳቤ ብቻ ሆነ።

በሜይ 1900 የጦር ሠራዊቱ ዋና ሐኪም ጆርጅ ስተርንበርግ አራት አባላት ያሉት ኮሚሽን አቋቋመ። መሪው ሻለቃ ዋልተር ሪድ ሲሆን፣ ጄምስ ካሮል የባክቴሪያ ምርመራውን፣ ትውልደ ኩባዊው አሪስቲደስ አግራሞንቴ የአስከሬን ምርመራውን፣ ላዚር ደግሞ የትንኞቹን ጥናት እንዲይዝ ተደረገ። ሪድና ካሮል በጁን መጨረሻ ኩባ ደረሱ።

ኮሚሽኑ መጀመሪያ የሳናሬሊን ባክቴሪያ ፈለገ። ከ18 ሕመምተኞች ደም ተወሰደ፤ 11 አስከሬኖች ተመረመሩ፤ ባክቴሪያው ግን አልተገኘም። በዚህ መካከል ሁለት ነገሮች የተመራማሪዎቹን አሳብ ወደ ትንኝ መለሱት። አንደኛው በፒናር ዴል ሪዮ ከተማ በሚገኝ የወታደሮች እስር ቤት የደረሰ ነው። በዚያ አንድ እስረኛ በቢጫ ወባ ሲሞት፣ በአንድ ክፍል አብረውት የነበሩት ሌሎቹ ስምንት እስረኞች፣ በአልጋው ላይ የተኛው ጭምር፣ ደኅና ሆኑ። በሽታው በልብስና በአልጋ የሚተላለፍ ቢሆን ኖሮ እነርሱም መታመም ነበረባቸው። ሁለተኛው ሄንሪ ካርተር የተባለ ሐኪም በሚሲሲፒ ገጠር ያደረገው ጥናት ነው። ካርተር በአንድ ቤት የመጀመሪያው ሰው ከታመመ በኋላ ቀጣዮቹ ሕመምተኞች እስኪታዩ ሁለት ሳምንት ገደማ እንደሚያልፍ አስተውሎ ነበር። ይህ የመዘግየት ጊዜ በሽታው ከሰው ወደ ሰው ከመድረሱ በፊት በሌላ አካል ውስጥ እንደሚቆይ ያመለክታል። ካርተር ጥናቱን ለላዚር ሰጥቶት ነበር።

የፊንላይ እንቁላሎችና የኦገስት ሙከራዎች

በኦገስት 1900 መጀመሪያ ሪድ የታይፎይድ ዘገባ ለመጨረስ ወደ ዋሽንግተን ሄደ። የቀሩት አባላት ሥራውን ቀጠሉ። ፊንላይ ያኖራቸውን የትንኝ እንቁላሎች በደስታ ሰጣቸው፤ ላዚርም በላቦራቶሪው ፈልፍሎ አሳደጋቸው። እያንዳንዷን ትንኝ በመስተዋት ቱቦ ውስጥ አድርጎ ወደ ሃቫናው የላስ አኒማስ ሆስፒታል ይወስድና የቱቦውን አፍ በቢጫ ወባ ሕመምተኛ ቆዳ ላይ በመድፋት ደም እንድትመጥ ያደርግ ነበር። ከዚያ ያችኑ ትንኝ በፈቃደኛ ሰው ክንድ ላይ ያደርጋት ነበር። ለበሽታው የሚያገለግል የላቦራቶሪ እንስሳ ስላልታወቀ ሙከራው በሰው ላይ ብቻ የሚቻል ነበር።

ከኦገስት 11 እስከ 25 ባሉት ቀናት ዘጠኝ ሰዎች በዚህ መንገድ ተነከሱ። ኦገስት 16 የተነከሰው ላዚር ራሱ ነበር። ማንም አልታመመም። ውጤቱ ለጊዜው የፊንላይን አሳብ ያፈረሰ መሰለ።

ምክንያቱ ዛሬ በደንብ ይታወቃል። ትንኝ ቫይረሱን የምታገኘው ሕመምተኛው በታመመ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ገደማ ደሙን ከመጠጠች ብቻ ነው። ቫይረሱ በትንኟ አካል ውስጥ ተባዝቶ ወደ ምራቋ እስኪደርስ ደግሞ 12 ቀን ያህል ይፈጃል። በነዚያ ዘጠኝ ሙከራዎች ከሁለቱ አንዱ ወይም ሁለቱም ሁኔታዎች አልተሟሉም ነበር። ፊንላይን ለዓመታት ያሰናከለውም ይኸው ነበር።

ኦገስት 27 ቀን ሁኔታው ተለወጠ። በዚያ ቀን ካሮል ደካማ ለመሰለች አንዲት ትንኝ ክንዱን ሰጠ። ትንኟ ከ12 ቀን በፊት ሕመሙ በጀመረው በሁለተኛ ቀኑ ላይ የነበረ ሰው ደም መጥጣ ነበር። ካሮል በጥቂት ቀናት ውስጥ በጽኑ ታመመ፤ ለሞትም ተቃረበ። ኦገስት 31 ላዚር ያችኑ ትንኝ ከሌሎች ጋር አድርጎ ዊልያም ዲን በተባለ ወታደር ላይ ሞከረ፤ ዲንም ታመመ፤ በኋላ ግን ዳነ። ካሮል ከመታመሙ በፊት ወደ በሽታው ቦታዎች ሄዶ ስለነበር የእርሱ ማስረጃ ሊጠረጠር ይችል ነበር። ዲን ግን ከጦር ሠፈሩ ወጥቶ ስላልነበር የእርሱ ሕመም ጠንካራ ማስረጃ ሆነ።

ሕመምና ሞት

ሴፕቴምበር 8 ቀን ላዚር ለሜበል በጻፈው ደብዳቤ የበሽታውን እውነተኛ ምክንያት ለማግኘት እንደተቃረበ አስታወቃት፤ ነገሩን ለማንም ሰው እንዳትናገርም አደራ አላት። ራሱን ለአደጋ ስለማጋለጥ ግን ምንም አልጻፈላትም።

ሴፕቴምበር 13 ቀን በትንኝ ተነከሰ። ሴፕቴምበር 18 ቀን ሕመም ተሰማው፤ በማግሥቱ የቢጫ ወባ ሕመምተኞች ወደሚታከሙበት ክፍል ተወሰደ። ትኩሳቱ እየበረታ ሄዶ ጥቁር ትውከት ጀመረው፤ ሴፕቴምበር 25 ቀን ምሽት ሞተ። ልጁ ማርጋሬት የተወለደችው በእነዚያ ሳምንታት ነበር፤ አባትና ልጅ ሳይተያዩ ቀሩ። የመታመሙ ወሬ ያልደረሳት ሜበል ሞቱን በቴሌግራም ሰማች። መጀመሪያ በኩባ በወታደሮች መካነ መቃብር ተቀበረ፤ በኋላም አጽሙ ባልቲሞር ወደሚገኘው ሉደን ፓርክ መካነ መቃብር ተዛወረ።

ስለ አያያዙ ያለው ክርክር

በኮሚሽኑ የታተመ ዘገባ መሠረት ላዚር የተያዘው በአጋጣሚ ነው። በላስ አኒማስ ሆስፒታል ከሕመምተኞች ደም ሲወስድ አንዲት ትንኝ በእጁ ላይ ታርፋለች፤ ሥራውን ላለማቋረጥ ሳያባርራት ደም መጥጣ ትሄዳለች። ታሪኩን በአልጋው አጠገብ ለነበሩ ባልደረቦቹም የነገራቸው በዚሁ መልክ ነው።

ይህ ገለጻ ግን ከመጀመሪያው ጥርጣሬ ነበረበት። ላዚር ትንኞችን አጥርቶ የሚያውቅ፣ ካሮልና ዲን እንዴት እንደታመሙ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ባልደረባው ለሞት ደርሶ እያለ፣ በቢጫ ወባ ክፍል ውስጥ ያረፈችበትን ትንኝ እንደ ተራ ነገር ይቆጥራል ብሎ ማመን ለብዙዎች ከብዷል። በላቦራቶሪ ማስታወሻው ውስጥ ደግሞ በዚያው ቀን አካባቢ ትንኝ በአንድ የጊኒ አሳማ ላይ እንደተሞከረች የሚያመለክት ጽሑፍ አለ። ኮሚሽኑ በዚያን ጊዜ በእንስሳት ላይ እንዲህ ዓይነት ሙከራ አላደረገም። በዚህ ምክንያት ሪድ ወደ ኩባ ተመልሶ ማስታወሻውን ሲያነብ፣ የጊኒ አሳማ የተባለው ላዚር ራሱ ሳይሆን እንዳልቀረ ገመተ።

ላዚር እውነቱን ደብቆ ከሆነ ለምን እንደደበቀ ሁለት ምክንያቶች ይቀርባሉ። አንደኛው፣ ሆን ብሎ ራሱን ለሞት እንዳጋለጠ ከታወቀ ቤተሰቡ የሕይወት መድን ክፍያ ሊከለከል ይችላል ብሎ ሠግቶ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ሁለተኛው ባለቤቱንና እናቱን ከተጨማሪ ሐዘን ለመጠበቅ ነው የሚል ነው። ሁለቱም ግምቶች ናቸው። የአጋጣሚውን ትርክት የሚደግፉ ጸሐፊዎች በበኩላቸው፣ ላዚር ኦገስት 16 ተነክሶ ምንም ስላልሆነ በሽታው አይዘኝም የሚል እምነት አድሮበት ሊሆን እንደሚችል ይጠቅሳሉ።

ካምፕ ላዚር

ሪድ በኦክቶበር መጀመሪያ ወደ ኩባ ተመልሶ የሟቹን ማስታወሻዎች በጥንቃቄ መረመረ። የካሮልንና የዲንን ሁኔታ ካልተሳኩት ዘጠኝ ሙከራዎች ጋር ሲያነጻጽር የቀናቱን ምሥጢር ተረዳ። ኦክቶበር 23 ቀን በኢንዲያናፖሊስ ከተማ በተካሄደ የሕዝብ ጤና ጉባኤ ላይ የመጀመሪያውን ዘገባ አቀረበ፤ የላዚርም ስም ከጸሐፊዎቹ መካከል ነበር። ሆኖም ላዚር ከጦር ሠፈሩ ውጭ ይዘዋወር ስለነበር የእርሱ ሞት እንደ ንጹሕ ማስረጃ ሊቀርብ አልቻለም። ሌላ፣ ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት ሙከራ አስፈለገ።

ኖቬምበር 20 ቀን 1900 በኬማዶስ ከተማ አጠገብ ካምፕ ላዚር ተብሎ የተሰየመ የሙከራ ሠፈር ተቋቋመ። የኩባ ገዥ ጄኔራል ሌናርድ ውድ ለሥራው 10,000 ዶላር ፈቀደ። በሠፈሩ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ተሠሩ። በአንደኛው ውስጥ ፈቃደኞች ትንኝ በሌለበት በሕመምተኞች ትውከትና ደም የቆሸሸ አንሶላና ልብስ ላይ ለ20 ሌሊቶች ተኙ፤ አንዳቸውም አልታመሙም። ሁለተኛው ቤት ንጹሕ ሲሆን በወንፊት ሽቦ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ትንኞች በተለቀቁበት በኩል የገባው ጆን ሞራን ታመመ፤ በሌላው በኩል የነበሩት ግን ያንኑ አየር እየተነፈሱ ደኅና ሆኑ። ከእርሱ አስቀድሞ ጆን ኪሲንጀር የተባለ ወታደር በዲሴምበር 5 ተነክሶ ታሞ ነበር።

በሙከራው የተሳተፉ የስፔን ስደተኞች አደጋውን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል እንዲፈርሙ ተደርጓል። ለእያንዳንዳቸው 100 ዶላር፣ ከታመሙ ደግሞ ተጨማሪ 100 ዶላር ይከፈላቸው ነበር። ይህ ውል በሕክምና ምርምር ታሪክ የተመራማሪና የተሳታፊ የጽሑፍ ስምምነት ቀደምት ምሳሌ ተደርጎ ይጠቀሳል። በአንጻሩ ድሃ ለሆነ ስደተኛ የቀረበ ይህን ያህል ገንዘብ ፈቃደኝነቱን ምን ያህል ነጻ ያደርገዋል የሚለው እስከ አሁን በሕክምና ሥነ ምግባር ትምህርት ይነሣል።

በካምፕ ላዚር በተደረጉት ሙከራዎች የሞተ ሰው የለም። አደጋው ግን እውነተኛ ነበር። በ1901 በላስ አኒማስ ሆስፒታል በሌላ ሐኪም መሪነት በተካሄዱ ሙከራዎች ክላራ ማስ የተባለችውን ነርስ ጨምሮ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በሃቫና እንዲህ ያለ ሙከራ ቆመ።

በዚያው ዓመት ዊልያም ጎርጋስ የትንኞችን መራቢያ በማጥፋት ሃቫናን በወራት ውስጥ ከቢጫ ወባ ነጻ አወጣ። ይኸው ዘዴ በኋላ የፓናማ ቦይን ለመቆፈር አስቻለ። ካሮል ደግሞ በ1901 የበሽታው አምጪ ባክቴሪያ በማያልፍበት ማጣሪያ እንደሚያልፍ አሳየ። ቢጫ ወባ በቫይረስ እንደሚመጣ የታወቀ የመጀመሪያው የሰው በሽታ ሆነ። ሪድ በ1902 በትርፍ አንጀት ሕመም፣ ካሮልም ሕመሙ ከተወለት የልብ ጉዳት ጋር ሲታገል ቆይቶ በ1907 ሞቱ። ዛሬም የሚሰጠውን ክትባት ማክስ ታይለር በ1937 አዘጋጀ፤ በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት።

የደብዳቤዎቹ ጥናት

ስለ ላዚር የሚታወቀው ብዙው ነገር የተገኘው በፊሊፕ ሄንች ጥረት ነው። ሄንች በሜዮ ክሊኒክ የመገጣጠሚያ በሽታዎች ሐኪም ሲሆን፣ ኮርቲዞን በተባለው ንጥረ ነገር ላይ በሠራው ሥራ በ1950 የኖቤል ሽልማት የተጋራ ሰው ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ላዚር የተማረበት የዋሽንግተንና ጄፈርሰን ኮሌጅ አዲስ የኬሚስትሪ ሕንፃ በስሙ ሊሰይም ሲነሣ፣ ሄንች ስለ ሙከራዎቹ መረጃ ማሰባሰብ ጀመረ።

በሕይወት ለነበሩት ለሞራንና ለኪሲንጀር፣ ለቀድሞ የጦር ሐኪሞች፣ ለሜበል ላዚርና ለሪድ ቤተሰብ ጻፈ። የድሮ ደብዳቤዎችን፣ ፎቶግራፎችንና የትኩሳት መዝገቦችን ሰበሰበ። ከ40 ዓመት በኋላ የተሳታፊዎቹ ትዝታ በብዙ ቦታ ይጋጭ ነበር። ማን ቀድሞ ፈቃደኛ ሆነ፣ ማን በየትኛው ቀን የት ነበረ በሚሉት ላይ አይስማሙም ነበር። ስለዚህ ሄንች የቃል ምስክርነትን በዚያው ቀን ከተጻፉ ደብዳቤዎች ጋር ያመሳክር ነበር። ለምሳሌ በ1939 በዲን ኮርንዌል የተሣለው ዝነኛ ሥዕል ላዚር በካሮል ክንድ ላይ ትንኝ ሲያደርግ ሪድ ቆሞ ሲመለከት ያሳያል። ደብዳቤዎቹ እንደሚያስረዱት ግን ሪድ በዚያ ቀን ዋሽንግተን ነበር፤ ስለ ካሮል ሕመም የሰማውም ከሩቅ ሆኖ ነው።

ሄንች ከሞራን ጋር ሆኖ የካምፕ ላዚርን ቦታና ከሁለቱ ቤቶች የተረፈውን ፈልጎ አገኘ፤ ቦታው በ1952 በኩባ መታሰቢያ ሆነ። ሊጽፈው ያሰበውን መጽሐፍ ግን ሳይጨርስ በ1965 ሞተ። ባለቤቱ ክምችቱን ለቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰጠች፤ ዛሬ የቢጫ ወባን ታሪክ ለሚያጠኑ ዋና ምንጭ ነው።

ለኢትዮጵያ ያለው ትርጉም

እነ ላዚር ያረጋገጡት እውነት በኢትዮጵያ ከባድ ዋጋ ባስከፈለ ወረርሽኝ እንደገና ታይቷል። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በተነሣው ቢጫ ወባ ወደ 100,000 ሰዎች እንደታመሙና 30,000 ያህል እንደሞቱ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ይነገራል።

በሃቫና በሽታውን ያስተላለፈችው በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና ገንዳ የምትራባው ትንኝ ነበረች። በኢትዮጵያ ግን በወረርሽኙ ዋና ድርሻ ያላት ኤደስ ሲምፕሶኒ የተባለች ዘመዷ ሆና ተገኘች። ይህች ትንኝ በእንሰትና በጎዳሬ ቅጠሎች ብብት ውስጥ በሚጠራቀም ጥቂት የዝናብ ውኃ ትራባለች። እንሰት ደግሞ በብዙ የደቡብ ኢትዮጵያ አካባቢዎች ከቤት ደጃፍ የሚተከል ተክል ነው። በጌዴኦ ዞን ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌና ኮንጋ ባሉት ቀበሌዎች እንሰት ከቡናና ከትልልቅ ዛፎች ጋር በአንድ ማሳ ይበቅላል። በሽታ አስተላላፊዋ ትንኝ ከምግብ ተክል ጋር በምትኖርበት ቦታ የሃቫናው ዓይነት መራቢያ የማጥፋት ዘመቻ ብቻውን ስለማይበቃ ዋናው መከላከያ ክትባት ነው።

ከ50 ዓመታት ገደማ ዝምታ በኋላ በሽታው በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ ዞን እንደገና ታይቶ የክትባት ዘመቻ ተካሂዷል።

መታሰቢያ

በ1904 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለላዚር የመታሰቢያ ሰሌዳ ቆመለት። በሜሪላንድ በፎርት ሃዋርድ የሚገኝ የመድፍ ምሽግ፣ እንዲሁም በተማረበት ኮሌጅ የሚገኘው የኬሚስትሪ ሕንፃ በስሙ ተጠሩ። በ1929 የአሜሪካ ምክር ቤት ለኮሚሽኑ አባላትና በሙከራዎቹ ለተሳተፉት ፈቃደኞች የወርቅ ሜዳሊያ እንዲሰጥ ሲወስን የላዚር ስምም በክብር መዝገቡ ሰፈረ።